እውነት ወይስ ተረት? «መሪ ተናጋሪ ሆኖ ይወለዳል»

ጎብዬ ላይ፣ ከአስፋልቱ ዳር ካሉት ቡና ቤቶች በአንዱ፣ አንድ ባለሥልጣን በቴሌቪዥን ብቅ ሲል ፍርዱ ከንግግሩ ይቀድማል። «ይሄማ አፉ ጤፍ ይቆላል» ይላል አንዱ። «ምን ተናጋሪ ነው፤ ወረቀቱ ላይ አፍጥጦ!» ይላል ሌላው። ከወልድያ ወደ ቆቦ የሚያልፈው ሹፌርም ሻዩን እየጠጣ የራሱን ጣል ያደርጋል። ሁሉም የሚስማሙበት ግን አንድ ነገር አለ፦ ንግግር ተሰጥኦ ነው። የተሰጠው ሰው ካሜራ ፊት ሲቆም ሕዝብ ይማርካል፤ ያልተሰጠው ቢለፋም አይሆንለትም።

ይህ ሲባል ያልሰማ የለም። ነገሩ ሲፈተሽ ግን አብዛኛው ተረት ነው። አንደበት የራሱ ድርሻ አለው፤ እሱን አልክድም። ሆኖም አንድ መሪ በቴሌቪዥን ሲናገር ልባችንን የሚወስደው በምላሱ ብቻ አይደለም። በምን ጊዜ ተናገረ? ማን አዘጋጀው? እኛስ ያን ሰሞን ምን ለመስማት ጓጉተን ነበር? ምስጋናውን ሁሉ ለአፉ እየሰጠን እነዚህን እንረሳለን።

«ተወልዶበት ነው» ከሚለው እንጀምር። የብሪታንያዋ ማርጋሬት ታቸር ጠቅላይ ሚኒስትር ከመሆናቸው በፊት «ድምፃቸው ቀጭን ነው፣ ጆሮ ይወጋል» እየተባሉ ይታሙ ነበር። ከለንደኑ ብሔራዊ ቴአትር የድምፅ አሠልጣኝ ተፈልጎላቸው ድምፃቸውን ወፈር፣ አነጋገራቸውንም ረጋ ማድረግ ተለማመዱ። ዛሬ «የብረት እመቤት» ሲባል በብዙ ሰው ጆሮ የሚያስተጋባው ያ በልምምድ የመጣ ድምፅ ነው። ዊንስተን ቸርችልም እ.ኤ.አ. በ1904 ፓርላማ ውስጥ በንግግራቸው መሃል ሐሳባቸው ጠፍቶባቸው አቋርጠው ተቀምጠዋል። ከዚያ ወዲህ በጽሑፍ ያልተዘጋጁበትን ትልቅ ንግግር አያደርጉም ነበር። እነዚህን ሁለት ሰዎች ነው እንግዲህ ዓለም «የተፈጥሮ ተናጋሪዎች» እያለ የሚያወራላቸው።

ጭብጨባ እንኳን ቢሆን ሥራ አለበት። ጆን ሄሪቴጅና ዴቪድ ግሬትባች የተባሉ ተመራማሪዎች በብሪታንያ ፓርቲዎች ጉባኤ ላይ የተደረጉ 476 ንግግሮችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጡት ጥናት፣ ከጭብጨባው ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የተከተለው ጥቂት የታወቁ የአነጋገር ስልቶችን እንደሆነ አሳይተዋል። ሁለት ነገር ማነጻጸር፣ ሦስት ነገር በተርታ መደርደር፣ ጥያቄ አንሥቶ መመለስ፣ እንዲህ ያለ ነው። እኔም ለምሳሌ ያህል አንድ ልስራ፦ «ጎሊና በደጃችን ይወርዳል፤ የማሽላችን ሥር ግን ደርቋል።» ይህን ለማለት ጸጋ አላስፈለገኝም፤ ትንሽ ጊዜና እርሳስ በቃኝ። የንግግር ጸሐፊ የሚባለው ባለሙያ ቀኑን ሙሉ የሚሠራው ይህንን ነው፤ እሱ ደግሞ በቴሌቪዥን አይታይም።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ እምነት አለ። አማርኛ አምሮ የሚነገረው በቤት ልጅ ነው፤ ጎንደር፣ መንዝ ወይም ወሎ ያልተወለደ በአማርኛ ልብ አይገዛም ይባላል። እስቲ ከ1987 ዓ.ም. ወዲህ በቴሌቪዥን ያየናቸውን ጠቅላይ ሚኒስትሮች እናስብ። መለስ ዜናዊ የአድዋ ልጅ ነበሩ። ኃይለማርያም ደሳለኝ ከወላይታ ናቸው። ዐቢይ አሕመድ ከጅማ በኩል፣ አጋሮ አጠገብ ካለችው በሻሻ። ሦስቱም አማርኛ ብቻ ሰምተው ካደጉበት ቀዬ የመጡ አይደሉም። እንደ ሐሳቡ ቢሆን ኖሮ ሦስቱም እኩል በደከሙ ነበር። ነገር ግን የመጀመሪያውን ተቃዋሚዎቻቸው ሳይቀሩ ተቀምጠው ያዳምጧቸው ነበር፤ የመጨረሻው ደግሞ በአንድ ንግግር አገር አነጋገሩ። የትውልድ ቦታ ዘዬን ይሰጣል፤ አሳማኝነትን ግን አይሰጥም።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንምጣ፤ የቡና ቤቱ ዋና ክስ እሱ ነውና።

«ወረቀት የሚያነብ መሪ ተናጋሪ አይደለም» ይባላል። ከኢትዮጵያ መሪዎች ንግግር ሁሉ በዓለም ላይ ይበልጥ የሚታወሰው ግን ከወረቀት የተነበበ ነው። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቫ ላይ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ቆሙ። ገና ሊጀምሩ ሲሉ የኢጣሊያ ጋዜጠኞች ያፏጩባቸው ጀመር። ንጉሠ ነገሥቱ አልጮኹም፣ መልስም አልሰጡም። ረባሾቹ ከአዳራሹ እስኪወጡ ዝም ብለው ጠበቁ፤ ከዚያም ጽሑፋቸውን በአማርኛ፣ ዝግ ባለ ድምፅ አነበቡ። በአዳራሹ ውስጥ አማርኛ የሚሰማ በጣት የሚቆጠር ነበር። በወረቀት፣ በዝግታ፣ አድማጩ በማይሰማው ቋንቋ! የዛሬ የንግግር አሠልጣኝ ቢያያቸው ሦስት ጊዜ በጣላቸው ነበር። ንግግሩን ታላቅ ያደረገው ጉዳዩ ነው፤ የመርዝ ጋዝ የተረጨበት ሕዝብ ንጉሥ፣ ቃል የገቡለትን መንግሥታት በራሳቸው አዳራሽ ሲከስ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለኝ። ግን ያ ሁሉ አድናቆት ኢትዮጵያን አላዳነም። ጉባኤው ከቀናት በኋላ በኢጣሊያ ላይ የተጣለው ማዕቀብ እንዲነሣ ወሰነ። እንግዲህ ታላቅ ንግግርም ቢሆን የሚያደርገውና የማያደርገው አለ።

ሌላም ነገር ልብ በሉ። «ያለ ወረቀት ነው የተናገረው» ከምንላቸው ብዙዎቹ ከመስታወት እያነበቡ ነው። ቴሌፕሮምፕተር የሚባለው መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1950 ገደማ አሜሪካ ውስጥ ሲሠራ የታሰበው ለተዋንያን ነበር፤ ወዲያው ፖለቲከኞች ወሰዱት። በተናጋሪው ግራና ቀኝ የሚቆሙት ቀጫጭን መስታወቶች ከእኛ በኩል ጥርት ያሉ ናቸው፤ ከእሱ በኩል ግን ጽሑፉ ይወርዳል። ግራ ቀኝ ሲያይ ሕዝቡን የሚቃኝ ይመስለናል፤ የሚቀጥለውን መስመር እየፈለገ ነው።

ታዲያ ይህ እምነት ለምን አይለቀንም? ምክንያቱ የሚያሳፍር አይደለም፤ እንዲያውም የሚያኮራ ነው። እኛ ያደግነው በእውነተኛ የቃል ባለሙያዎች መካከል ነው። በድሮው ችሎት በላ ልበልሃ እየተባባለ የሚከራከር ሰው ወረቀት አልነበረውም። በወሎ ደም የሚያደርቁት፣ አባጋር የሚባሉት ሽማግሌዎች ምርቃታቸውን ከደብተር አያነቡም። ለቅሶ ላይ ሙሾ የምታወርደዋም ቃሉን እዚያው ነው የምታገኘው። ጆሯችን በእነዚህ ሰዎች ስለተቃኘ ወረቀት የያዘ ሰው ስናይ «የራሱ አይደለም» እንላለን። ግን አንድ ልዩነት አለ። ሽማግሌው የሚናገረው ለሚያያቸው ሰዎች ነው፤ ከሳሽ ፊቱን ሲያጠቁር ያያል፣ ቃሉን ያለሳልሳል፤ ነገሩ ሲበርድ ያያል፣ ምርቃቱን ይጀምራል። ካሜራ ፊት ያለ መሪ የሚያየው አንድ ጥቁር መስታወት ነው። ጎብዬ ላይ ማን ከንፈሩን እንደነከሰ አያውቅም። ስለዚህ አስቀድሞ መጻፉ ነውር አይደለም፤ ካልጻፈም የሚጎዳው እኛኑ ነው።

ጥፋቱ ሲጻፍ እንደ ቢሮ ደብዳቤ የተጻፈ እንደሆነ ነው። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ አድማጭ ሰውየው ምን እንዳደረገ የሚያውቀው ዓረፍተ ነገሩ ሲዘጋ ነው። «ከማረጋገጥ አኳያ፣ አቅጣጫ በማስቀመጥ፣ ባለድርሻ አካላትን በማሳተፍ፣ በትኩረት በመንቀሳቀስ ላይ እንደሚገኝ» እየተባለ ሲረዝም፣ ግሡ እስኪመጣ ሰው ሻዩን ጨርሶ ወጥቷል። እሱን ወረቀት አላበላሸውም፤ ጻፊው ነው ያበላሸው። እኔ በበኩሌ አጭር ዓረፍተ ነገር ከወረቀት የሚያነብ መሪ፣ በቃሉ ለአንድ ሰዓት ከሚንከራተት መሪ ይሻለኛል።

«ድምፁ መሬት የሚያንቀጠቅጥ» የሚባለውስ? እዚህ ላይ ስም መጥራት አይቀርም፤ በዕድሜ የገፋ ሰው ስለ ንግግር ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠራው ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለማርያምን ነው። ሚያዝያ 1969 ዓ.ም. አብዮት አደባባይ ላይ ደም የሚመስል ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶችን እየወረወሩ የከሰከሱበት ንግግር እስካሁን ይወራል። ያ ንግግር አደባባዩን ሞልቶ ለቆመ ሕዝብ የተደረገ ነበር፤ የፉከራና የቀረርቶ ዘመድ ነው፤ በአደባባይነቱ ሠርቷል። ምን እንደሠራ ደግሞ የቀይ ሽብርን ዘመን ያየ ያውቀዋል።

ቴሌቪዥን ግን አደባባይ አይደለም። ሰውዬው የገባው ሳሎናችን ውስጥ ነው፤ ቡና ላይ አብሮ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ከማዶ እንደሚጣራ እረኛ አይጮህም። ይህን ቀድመው ከተረዱት መካከል የአሜሪካው ፍራንክሊን ሩዝቬልት ይገኙበታል፤ መሣሪያቸው ሬዲዮ ቢሆንም። እ.ኤ.አ. መጋቢት 1933 ባንኮች ተዘግተው ሕዝቡ ሲደናገጥ፣ ባንክ በገንዘባችሁ ምን እንደሚያደርግ፣ ለምን እንደተዘጋ፣ መቼ እንደሚከፈት በተራ ቃላት አስረዱ። ባንኮቹ ሲከፈቱ ሰው ያወጣውን ገንዘብ መልሶ ያስገባ ጀመር። ንግግሩ ውስጥ አንዳችም ነጎድጓድ አልነበረም።

ከእኛም መለስ ዜናዊ በፓርላማ ጥያቄ ሲመልሱ በቴሌቪዥን ይታዩ የነበሩበትን ሁኔታ አስታውሱ። ድምፃቸው ከፍ አይልም፣ ፊታቸው ብዙ አይፈካም፤ ቁጥር፣ መከራከሪያ፣ አልፎ አልፎም የሚያቆስል ቀልድ ነበር መሣሪያቸው። ደጋፊያቸው ሊደሰት፣ የሚጠላቸው ሊናደድ ያዳምጥ ነበር፤ ጣቢያውን የሚቀይር ግን ጥቂት ነው። ጩኸት ለቴሌቪዥን ግዴታ ቢሆን ኖሮ ይህ ሊሆን አይችልም ነበር።

ቀጥሎ ያለው ተረት ሱፍ ለብሶ የሚመጣ ነው። በሥልጠና አዳራሾች «ከምንናገረው ውስጥ ቃሉ ያለው ዋጋ 7 በመቶ ብቻ ነው፤ ቀሪው 93 በመቶ ድምፅና ፊት ነው» ይባላል። ቁጥሩ አልተፈጠረም፤ የመጣው አልበርት መህራቢያን የተባሉ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1967 ካወጧቸው ሙከራዎች ነው። ሙከራዎቹ ግን ስለ ፖለቲካ ንግግር አልነበሩም። ሰዎች በቴፕ የተቀረጹ ነጠላ ቃላትን ሰምተው፣ ፎቶም አይተው ተናጋሪው ይውደድ ይጥላ እንዲገምቱ ነው የተጠየቁት። ስሜትን ለመገመት እንጂ መልእክትን ለመረዳት እንደማይሠራ ምሁሩ ራሳቸው ደጋግመው ተናግረዋል። ማረጋገጥ ለሚፈልግ ፈተናው ቅርብ ነው። ከዞብል ተራራ ማዶ ያሉት ጎረቤቶቻችን የሚያዩትን የአፋርኛ ዜና ክፈቱ፤ ቋንቋውን የማትሰሙ ከሆነ ፊቱንና ድምፁን ብቻ ይዛችሁ 93 በመቶውን ንገሩኝ።

የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ለመሆን የተወዳደሩት የኒክሰንና የኬኔዲ ክርክርም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 በተደረገው የመጀመሪያው የቴሌቪዥን ክርክር በሬዲዮ የሰሙት ኒክሰን አሸነፈ አሉ፣ በቴሌቪዥን ያዩት ኬኔዲ አሸነፈ አሉ ይባላል። ኒክሰን ከሕመም የተነሣ ከስቶ፣ ላብ ላብ እያለው እንደቀረበ እውነት ነው። የሬዲዮው ወሬ ግን በዋናነት የቆመው በአንድ ኩባንያ መጠይቅ ላይ ነው፤ በዚያ ውስጥ ሬዲዮ የሰሙት 300 እንኳ አይሞሉም፤ ከመጀመሪያውም ወደ ኒክሰን ያደሉ ላለመሆናቸው ማረጋገጫ የለም። ነገሩን ሙሉ በሙሉ ውሸት ነው ማለትም አይቻልም። ጄምስ ድሩክማን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ሙከራ፣ ክርክሩን ያዩት ካዳመጡት ይልቅ ኬኔዲን አሸናፊ ወደ ማለት አዘንብለዋል። መልክ ይሠራል፤ ብቻውን ግን ምርጫ አያሸንፍም። ተረቱ የቆየው ለማውራት ስለሚጥም ይመስለኛል፤ «ላብ ሥልጣን አሳጣው» ከሚል ታሪክ ጋር ማን ይከራከራል?

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው ልምጣ። አንደበት ዋናው ነገር ቢሆን፣ ያው ሰው በዚያው አንደበት ሁልጊዜ ይማርከን ነበር።

የ1997 ዓ.ም.ን የምርጫ ክርክሮች ያየ ሰው አቶ ልደቱ አያሌውን ይረሳቸዋል ብዬ አላስብም። ከእኛው ከሰሜን ወሎ የወጡ ሰው ናቸው። በቴሌቪዥንና በሬዲዮ በተላለፉት በእነዚያ ክርክሮች ከተቃዋሚው ቅንጅት ወገን እነ ዶክተር ብርሃኑ ነጋና እሳቸው ከገዢው ኢሕአዴግ ሰዎች ጋር ሲሟገቱ ሰው ሥራውን ትቶ ያዳምጥ ነበር። ከግንቦት 7ቱ ምርጫ በኋላ ቅንጅት ፓርላማ እንግባ አንግባ በሚለው ሲከፈል ግን በርካታ ደጋፊዎች በአቶ ልደቱ ላይ ፊታቸውን አዞሩ። ማን ልክ ነበር የሚለው ሌላ ክርክር ነው። ለጉዳያችን የሚጠቅመው ይህ ነው፦ ምላሳቸው አልተቆረጠም፣ አመክንዮአቸውም አልደበዘዘም፤ ያንኑ በመሰለ ቅልጥፍና መናገራቸውን ቀጠሉ። የተለወጠው አድማጩ ነው። ትናንት «ምን ዓይነት አንደበት!» ያለው ሰው ዛሬ በዚያው አንደበት ተናደደ።

መጋቢት 24 ቀን 2010 ዓ.ም. ደግሞ ዶክተር ዐቢይ አሕመድ በፓርላማ ሥልጣን ሲረከቡ ያሰሙትን ንግግር አስቡ። እናታቸውንና ባለቤታቸውን አመሰገኑ፣ ለጠፋው ሕይወት ይቅርታ ጠየቁ፣ ለኤርትራ የሰላም እጅ ዘረጉ። ያለቀሰ ሰው ነበር። ተጽፎ የተዘጋጀ ንግግር ነው፤ ተዋጥቶላቸዋልም። ነገር ግን ከዓመታት ተቃውሞ፣ እስርና የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በኋላ ከመንግሥት ወንበር «ይቅርታ» የሚል ቃል መስማት ብዙው ሰው የተራበው ነገር ነበር። ያንኑ ንግግር አሁን ቆቦ ወይም ጎብዬ ላይ መልሳችሁ ክፈቱት። አንዲት ቃል አልተለወጠችም። በመሃል ግን ጦርነት በዚሁ አስፋልት ላይ ወጥቶ ወርዷል፤ ሰው ሞቷል፣ ቤት ተዘርፏል። ስሜቱ ያኔ እንደነበረው ነው የሚል ካለ ላዳምጠው ዝግጁ ነኝ።

እንዲያውም የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ጀምሮ ካስተላለፈው ሁሉ ዙፋን የነቀነቀው ፕሮግራም አንድም መሪ አልተናገረበትም። የብሪታንያው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ የቀረጸበት ፊልም በአገሩ የታየው በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ነው። ደርግ ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ጋር አቀላቅሎ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ አሳየው፤ በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን ወረዱ። ያን ምሽት ስርጭቱ ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ ብዙም አይርቅም ነበር፤ ረሃቡ የተነገረለት የወሎ ገበሬ ፊልሙን አላየውም። ከ10 ዓመት በኋላ ደርግም በተራው ተመሳሳይ ነገር ገጠመው። በ1977 ዓ.ም. መባቻ የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) ሲመሠረት አዲስ አበባ በበዓልና ለሰዓታት በዘለቀ ንግግር ተጥለቅልቃ ነበር፤ ቴሌቪዥኑም ለዚሁ በዓል ባለቀለም ሆነ። በጥቅምት ግን ዓለም ያየው ሌላ ነው። ከአላማጣ ዳገቱን ወጥቶ ያለው ኮረም፣ ከነረሃቡ በኬንያዊው መሐመድ አሚን ካሜራ ተቀርጾ፣ በቢቢሲ ቀረበ። ከዚያ ሁሉ የመድረክ ንግግር ውስጥ ዛሬ አንድ ዓረፍተ ነገር የሚያስታውስ አለ? ኮረምን ግን ዓለም ያስታውሳል።

ተረቱን ዛሬ ይበልጥ የሚያቆየው ስልካችን ነው። የሁለት ሰዓት ንግግር ተቆራርጦ ምርጡ ግማሽ ደቂቃ ከሙዚቃ ጋር በቲክቶክና በቴሌግራም ይመጣል፤ የደከመውን፣ የተደናቀፈውን፣ ያልተመለሰውን ጥያቄ አናይም። ቀጥታ ስርጭትም ቢሆን የሚያጨበጭበውን ፊት የሚመርጠው ካሜራውን የያዘው ሰው ነው፤ ያንቀላፋው እንደራሴ እምብዛም አይታይም። እንዲህ ተመርጦ የቀረበልንን አይተን «ሲፈጥረው ነው» ብንል አይፈረድብንም።

አንድ ሐሳብ ግን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ «እንዲህ የሚናገር ሰውማ አይዋሽም» የሚለውን። አባቶቻችን «አፈ ቅቤ፣ ልበ ጩቤ» ያሉት ቴሌቪዥን ሳይመጣ ነው። ተቃራኒውም ልክ አይደለም፤ የሚንተባተብ መሪ ሁሉ ቅን፣ አንደበተ ርቱዑ ሁሉ አታላይ አይደለም። ንግግር ችሎታ ነው፤ ስለ ችሎታው እንጂ ስለ ሰውዬው ልብ አይመሰክርም።

ስለዚህ ጎረቤቶቼ፣ በሚቀጥለው ጊዜ አንድ መሪ በቴሌቪዥን ቀርቦ አፍ ሲያስከፍታችሁ፣ ማድነቁን አልከለክልም። ንግግሩ ሲያልቅ ግን ሦስት ነገር ወረቀት ላይ ጻፉ፦ ምን ሥራ እንደሚሠራ፣ የት እንደሚሠራ፣ እስከ መቼ እንደሚሠራ። ሦስቱ ከተሟሉ ወረቀቱን አስቀምጡት፤ ቀኑ ሲደርስ ቀበሌ ይዛችሁት ሂዱ። ካልተሟሉ ጥሩ ንግግር ሰምታችኋል፤ ቃል ግን አልተገባላችሁም።